አሸናፊው የኃላፊው አማች ነው ሲባል፦ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ምን ይሠራል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ደሴ የምሠራ ጂሲ (አጠቃላይ ሥራ ተቋራጭ) ደረጃ 7 ነኝ። አንድ የከተማ መሥሪያ ቤት ባወጣው የጎርፍ መውረጃ ቦይና የጌጠኛ ድንጋይ ንጣፍ ጨረታ ተወዳደርሁ። በመክፈቻው ቀን ከተነበቡት ዋጋዎች ዝቅተኛው የእኔ ነበር። ሐሙስ የደረሰኝ ደብዳቤ ግን ‹በቴክኒክ ግምገማ አላለፉም› ከማለት በቀር ምክንያት አይሰጥም። አሸናፊው የመሥሪያ ቤቱ የአንድ ኃላፊ የእህት ባል መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ፀረ ሙስና ልሂድ ወይስ ፌስቡክ ላይ ላውጣው?»

ፌስቡኩን ይተዉት፤ ፀረ ሙስናም ትንሽ ይቆይ። አሁን እየሮጠ ያለው የአቤቱታው ጊዜ ነው። የጨረታ ሰነድዎን ያውጡና ክፍል 1ን (የተጫራቾች መመሪያ) እና ክፍል 2ን (የጨረታ ዝርዝር መረጃ ሠንጠረዥ) ይክፈቱ። አቤቱታ ለማን፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀርብ እዚያ ተጽፏል። በብዛት የሚገኘው ቁጥር 5 የሥራ ቀን ነው፤ በአማራ ክልሉ በኲር ጋዜጣ ላይ በሚወጡ ማስታወቂያዎችም «አሸናፊው ከ5 የሥራ ቀን በኋላ ውል ይይዛል» የሚለው ከዚሁ የመጣ ነው። ደብዳቤው ሐሙስ ከደረሰዎ ዓርብ አንድ ይባላል፤ ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም፤ ሰኞ ሁለት እያለ የሚቀጥለው ሐሙስ አምስት ይሆናል። መሐል ላይ በዓል ከዋለ አንድ ቀን ይጨመራል፤ ግን በዚህ ተማምነው አይዘግዩ። በጊዜው የገባ አቤቱታ ውሳኔ እስኪያገኝ ውል እንዳይፈረም ያደርጋል። በስድስተኛው ቀን የገባ ግን ምንም ያህል እውነት ቢይዝ ከማሳዘን በስተቀር የሚያመጣው ነገር ትንሽ ነው። እውነተኛ ቅሬታ ያላቸው ተጫራቾች የሚሸነፉት አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ላይ ነው፤ አምስቱን ቀን «እገሌን አናግሬዋለሁ፣ አየዋለሁ ብሎኛል» እያሉ ይጨርሱታል።

ዛሬውኑ የሚያስገቡት የመጀመሪያ ወረቀት አቤቱታው አይደለም። የወደቁበት ምክንያት በዝርዝር፣ በጽሑፍ፣ ከየትኛው መስፈርት ጋር እንደተያያዘ ተጠቅሶ እንዲሰጥዎ የሚጠይቅ አንድ አንቀጽ ደብዳቤ ነው። ያልተመረጠ ተጫራች የራሱን ውድቀት ምክንያት የማወቅ መብት አለው፤ የሌላውን ተጫራች የዋጋ ትንተና ግን አይሰጡዎትም፣ አይጠይቁም። ሁለት ኮፒ ያዘጋጁ፤ በእርስዎ እጅ በሚቀረው ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተም፣ የገቢ ቁጥሩና ቀኑ ይስፈርበት። ገቢ ያልተመታበት ደብዳቤ ኋላ «አልደረሰንም» ሲባል መከላከያ የለውም። መልሱ በሁለት ቀን ካልመጣ አለመምጣቱን ራሱን በአቤቱታው ውስጥ ይጽፉታል።

መልስ እስኪመጣ የራስዎን ሰነድ እንደ ባላጋራ ሆነው ይመርምሩት። ያለ ማንም ተንኮል የሚጥሉ ነገሮች ብዙ ናቸው፦ የንግድ ፈቃድ ሳይታደስ መቅረቱ (የእድሳቱ ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው)፣ የግብር ክሊራንሱ ቀን ማለፉ፣ የተቋራጭነት የብቃት ምስክር ወረቀቱ የዘንድሮ አለመሆኑ፣ ሲፒኦው (ለጨረታ ማስከበሪያ የሚያዘው የባንክ የክፍያ ማዘዣ) በመሥሪያ ቤቱ ትክክለኛ ስም አለመሠራቱ ወይም የባንክ ዋስትናው ከተጠየቀው ቀን ማነሱ፣ ዋጋ መሙያው ላይ ስርዝ ድልዝ ኖሮ ፊርማ አለማረፉ፣ ኦርጅናልና ኮፒው አለመመሳሰላቸው። ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ ዝምድናው እውነት ቢሆን እንኳ አቤቱታዎ በዚያች ቀዳዳ ይወድቃል። ቀዳዳውን ቀድመው ካወቁ ግን ጥያቄው ወደ ሌላ ይዞራል፦ ይኸው ጉድለት አሸናፊው ላይ ታልፎለት ይሆን? እኩል አለመታየት ራሱን የቻለ ጠንካራ ነጥብ ነው።

ስለ ፖስታውም አንድ ነገር ያረጋግጡ። ሰነዱ ቴክኒካልና ፋይናንሻል በተለያየ ፖስታ ይቅረብ ካለ፣ ቴክኒካሉ ሳይገመገም የሁሉም ዋጋ መነበቡ በራሱ ጥሰት ነው። በአንድ ፖስታ ከሆነ ግን ዋጋ ተነቦ በኋላ በብቃት መስፈርት መውደቅ ይቻላል፤ ዝቅተኛ ዋጋ መስጠት ብቻውን አሸናፊ አያደርግም።

አሁን ወደ አማቹ። ወሎ ውስጥ ያልተጋባ፣ ያልተዋለደ፣ በአበልጅ ያልተሳሰረ ማን አለ? ኃላፊ ዘመድ አለኝ ማለት ከጨረታ መታገድ ቢሆን ኖሮ ደሴና ኮምቦልቻ የሚወዳደር ተቋራጭ ባልተገኘ ነበር። ሕጉ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ በግዥው ላይ እጁ ያለበት ሠራተኛ ወይም ኃላፊ የጥቅም ግጭቱን በጽሑፍ አሳውቋል ወይ? ካሳወቀስ ከጉዳዩ ወጥቷል ወይ? የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002ም የጥቅም ግጭትን ማሳወቅን ያካትታል። ስለዚህ «ዘመዱ ነው» የሚለው የመንገዱ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ «እገሌ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቃለ ጉባኤ ላይ፣ በዚህ ሥልጣኑ ፈርሟል» የሚለው ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው ይዞት የማይመጣውም ይኸኛውን ነው።

ኃላፊው የትኛው ወንበር ላይ እንደነበረ ለይተው ይፈልጉ፤ ጨረታ አንድ በር አይደለምና። የፍላጎት መግለጫውንና የሥራ ዝርዝሩን ያዘጋጀ አለ፤ ጨረታውን የሚያካሂድ የግዥ ቡድን አለ፤ ገምጋሚ ኮሚቴ አለ፤ ግምገማውን የሚያጸድቅ አጽዳቂ ኮሚቴ አለ፤ ውል የሚፈርም የበላይ ኃላፊ አለ፤ በኋላ ሥራውን የሚለካ ተቆጣጣሪ መሐንዲስና ክፍያ የሚያወጣ ገንዘብ ያዥ አለ። የጤና ክፍል ኃላፊ ዘመዱ ቦይ ቢቆፍር ነገሩ የለም ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ገምጋሚው ላይ ነው፤ ብልጡ ሰው ግን ግምገማ ውስጥ አይገባም። መስፈርቱን ሲጽፉ ወይም ሥራው ሲለካ ነው የሚገኘው።

ለምን መስፈርት ላይ? ግምገማው ንጹሕ ሆኖ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ሊሆን ስለሚችል ነው። ክፍል 3ን (የአገማገም ዘዴና መስፈርት) እና ክፍል 6ን (የፍላጎት መግለጫ) ከሥራው መጠን ጋር ያስተያዩ። ለመካከለኛ ቦይ ሥራ የራስ ባለቤትነት ሊብሬ ያለው ኤክስካቫተር፣ «በዚሁ ከተማ» የተሠራ ተመሳሳይ ሥራ፣ ወይም ሥራው ከሚያወጣው ብዙ እጥፍ የሆነ ዓመታዊ ገቢ ከተጠየቀ፣ መስፈርቱ አንድ ሰው ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። ችግሩ ይህን ጨረታው ከተከፈተ በኋላ ማንሳት ደካማ መሆኑ ነው፤ «አውቀው ተወዳደሩ» ይባላሉ። ጨረታው አየር ላይ እያለ ማብራሪያ በጽሑፍ መጠየቅ ነበረበት። ለሚቀጥለው ጨረታ ይያዙት። የዛሬ ጉዳይዎ ላይ ጠንካራ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፦ በሰነዱ ያልነበረ መስፈርት በግምገማ ጊዜ ተጨምሮ ከሆነ።

የመክፈቻ ቀን ያዩትን ደግሞ ሳይረሱ ይጻፉት። የተነበበው ዋጋ ስንት ነበር? የቅናሽ ደብዳቤ ያስገባ ነበር? ደብዳቤው በዚያን ሰዓት ተነቧል ወይስ በኋላ «ነበረ» ተባለ? የሰነዶቹ ገጾች በኮሚቴው ተፈርሞባቸዋል? የሲፒኦው ባንክ፣ ቅርንጫፍና ቁጥር ተነቧል? የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች እንጂ ብዙ ታወጣለች። «ተፎካካሪዎች» የተባሉ ሦስት ድርጅቶች ሲፒኦ ከአንድ ቅርንጫፍ፣ በአንድ ቀን፣ በተከታታይ ቁጥር ከወጣ፣ ሁለቱ አጃቢዎች መሆናቸውን መጠርጠር ተገቢ ነው። የሥራ ዝርዝሩ ላይ ሦስቱም አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት ወይም አንድ ዓይነት የድምር ስህተት ከደገሙ ደግሞ በአንድ ኮምፒውተር ሳይሠራ አልቀረም። በመደበኛ የጨረታ ሰነዶች ውስጥ አንድ ባለቤት ወይም አንድ ሕጋዊ ወኪል ያላቸው፣ በአንድ ጨረታ በሁለት ስም የቀረቡ፣ ወይም ዝርዝሩን ያዘጋጀ አማካሪ ራሱ ሲወዳደር እንደ ጥቅም ግጭት ተቆጥሮ ከውድድር ያስወጣል። ድርጅቶቹ የእነማን እንደሆኑ በንግድ መዝገብ ማየት ይቻላል፤ የንግድ ፈቃድ ትክክለኛነትም በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጣራል።

ከሁሉም በላይ ግን የሚከተለውን ይመልከቱ፤ በዋጋ አሸንፎ፣ ኮሚቴውም ሳይሳሳት፣ ገንዘብ የሚወጣበት መንገድ ነውና። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ናት፤ ቦይ ሲቆፈር አፈር ብቻ እንደማይገኝ ሁላችን እናውቃለን። የሥራ ዝርዝሩ 900 ሜትር ኩብ የአፈር ቁፋሮና 100 ሜትር ኩብ የዓለት ቁፋሮ ይላል እንበል። አንዱ ተጫራች ለአፈር 250 ብር፣ ለዓለት 1,200 ብር ሞላ፤ ድምሩ 225,000 ሲደመር 120,000፣ ማለትም 345,000 ብር። ሌላው ለአፈር 150፣ ለዓለት 2,000 ሞላ፤ 135,000 ሲደመር 200,000፣ ማለትም 335,000 ብር። ሁለተኛው በ10,000 ብር አሸነፈ። ሥራው ሲጀመር ግን ቦታው እኩል በእኩል፣ 500 አፈርና 500 ዓለት ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ቢሆን ኖሮ 725,000 ብር ይከፈለው ነበር፤ ሁለተኛው 1,075,000 ብር ይወስዳል። ልዩነቱ 350,000 ብር ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል ናቸው፤ ስልቱ ግን የታወቀ ነው። ይህን ለማድረግ ግምገማ ላይ ዘመድ አያስፈልግም፤ የመሬቱ ምርመራ ምን እንዳሳየና የትኛው መጠን በስህተት (ወይም በዓላማ) እንደተጻፈ ሹክ የሚል አንድ ሰው ይበቃል። ሌላው የመረጃ ማፈትለክ ምልክት የአሸናፊው ነጠላ ዋጋ በእያንዳንዱ መስመር የመሐንዲስ ግምቱን (መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ ያዘጋጀውን የዋጋ ግምት) በተመሳሳይ መቶኛ ዝቅ ያደረገ ሆኖ መገኘቱ ነው። የሥራ ዋጋ ከዕቃ ዋጋ ጋር እንዲህ እኩል አይወርድም።

ምልክት ማስረጃ አይደለም። ከላይ ያልኳቸው ሁሉ «ይመርመር» ለማለት ያበቃሉ እንጂ «ሰርቋል» ለማለት አያበቁም፤ አቤቱታውን ሲጽፉ ይህ ልዩነት በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ይታይ።

አቤቱታው ከሁለት ገጽ አይለፍ። ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ይጻፋል። የጨረታ ቁጥሩ፣ የሎቱ (የጨረታው ምድብ) ስም፣ ውጤቱን ያወቁበት ቀን፣ ተጥሷል የሚሉት የሰነዱ ክፍልና ንዑስ ቁጥር፣ ማስረጃው፣ በመጨረሻም የሚጠይቁት ነገር ይኑረው። አካሉ እንዲህ ዓይነት ቃና ቢኖረው ይሻላል፦

«በጨረታ ሰነዱ ክፍል 3 ከተዘረዘሩት መስፈርቶች በየትኛው እንዳላለፍን በደብዳቤው አልተገለጸልንም፤ በቀን … በገቢ ቁጥር … ብንጠይቅም መልስ አልተሰጠንም። በተጨማሪም የመሥሪያ ቤቱ የሥራ ኃላፊ አቶ/ወ/ሮ … ከአሸናፊው ድርጅት ባለቤት ጋር የጋብቻ ዝምድና እንዳላቸው መረጃ ስላለን፣ የጥቅም ግጭት በጽሑፍ ስለማሳወቃቸውና ከግዥው ሂደት ስለመገለላቸው እንዲጣራ፣ ካልተገለሉ ግምገማው በሌላ ኮሚቴ እንዲደገም፣ እስከዚያው ውል እንዳይፈረም እንጠይቃለን።»

«በዘመድ አዝማድ ተሠራብን» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አይጨምሩ። ኃላፊው አቤቱታውን ሲከፍት መጀመሪያ የሚፈልገው ስድብ ነው፤ ስድብ ካገኘ ነገሩን የግል ጠብ ያደርገዋል። አቤቱታ የቀረበበት ኃላፊ ራሱ የዚያ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ከሆነም ይህንኑ ደረጃ አይዝለሉት፤ የሚቀጥለው አካል መጀመሪያ የሚጠይቅዎ «እዚያ አቅርበው ነበር?» ብሎ ነው። መልሱ ካላረካዎ ወይም በተቀመጠው ቀን ካልመጣ፣ ቀጣዩን አቤቱታ የሚያይ አካል ስምና የጊዜ ገደቡ በዚያው ሠንጠረዥ ላይ አለ። ይህኛውም አጭር ነው።

እዚህ ላይ በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። የከተማ አስተዳደሩ ግዥ የሚመራው በክልሉ የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅና መመሪያ ነው፤ ይግባኙም ወደ ክልል ይሄዳል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግዥ ግን፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ግቢ፣ የፌዴራል ነው፤ አዋጅ 649/2001ን በተካው አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ይገዛል፤ አቤቱታውም አዲስ አበባ ይደርሳል። የተሳሳተ በር ከተንኳኳ አምስቱ ቀን መንገድ ላይ ያልቃል።

አቤቱታ ማሸነፍ ሁልጊዜ ሥራውን ማግኘት አይደለም። ግምገማው ሊደገምና እንደገና ሊወድቁ ይችላሉ፤ መሥሪያ ቤቱ ጨረታውን በሙሉ ሊሰርዘውም ይችላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሆነ በጀቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ስረዛው ሥራውን ለሚቀጥለው ዓመት ያሻግረዋል። ከዚያ የከፋው ሥራው ተቆራርጦ በፕሮፎርማ መገዛቱ ነው፤ የበጀት መዝጊያ ሰሞን ተመሳሳይ ሥራ በትናንሽ ጥቅል፣ ከእነዚያው ሦስት አቅራቢዎች በተሰበሰበ ዋጋ ሲሠራ ካዩ፣ ቀናቱንና መጠኖቹን ይመዝግቡ። ግዥን ከጨረታ ለማሸሽ መከፋፈል የተከለከለ ነው።

ፀረ ሙስና መቼ? ከአስተዳደራዊ አቤቱታው ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ለክልሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን የሚቀርብ ጥቆማ የውል ፊርማን አያስቆምልዎትም፤ የአቤቱታው ጊዜም በእርሱ ምክንያት አይቆምም። ወደዚያ የሚወሰደው የወንጀል ሽታ ያለው ነገር ነው፦ ጉቦ ተጠይቆ ከሆነ፣ ቃለ ጉባኤ ተቀይሮ ከሆነ፣ የሐሰት የብቃት ማስረጃ እየታወቀ ታልፎ ከሆነ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 በሥልጣን አላግባብ መገልገልንና የመንግሥትን ሥራ በማያመች አኳኋን መምራትን ጭምር ይሸፍናል። ጥቆማው ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ሰነድ፣ ሰነዱ የት ክፍል ይገኛል የሚለውን ይያዝ። ከውስጥ መረጃ የሰጠዎት ሠራተኛ ካለ ስሙን በአቤቱታው ላይ አይጻፉ፤ ለጠቋሚዎችና ለምስክሮች ጥበቃ የወጣ አዋጅ (ቁጥር 699/2003) አለ፣ ግን ጥበቃው የሚጀምረው ለሚመለከተው አካል ሲነገር ነው እንጂ ሻይ ቤት ሲወራ አይደለም። ከውስጥ ኦሪጅናል ሰነድ ይዞ እንዲወጣም አይጠይቁት፤ የሰነዱን ቁጥርና ቀን ማወቅ ለመርማሪ ይበቃዋል፤ የወጣ ኦሪጅናል ግን ሰውየውን ተከሳሽ ያደርገዋል።

ፌስቡኩን ተዉት ያልኩት ለዚህ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ስም ማጥፋት ዛሬም ወንጀል ነው። «የእገሌ አማች ስለሆነ ተሰጠው» ብለው ስም ጠርተው ከጻፉና ቃለ ጉባኤው ኃላፊው ከሂደቱ እንደወጣ ካሳየ፣ ከሳሽ የነበሩት ተከሳሽ ይሆናሉ። ለባለሥልጣን አውቆ የሐሰት ውንጀላ ማቅረብም ለብቻው ያስጠይቃል። ደግሞም የፌስቡክ ጽሑፍዎ ጥፋት ያለበት ሰው ወረቀቱን እንዲያስተካክል ጊዜ ይሰጠዋል።

ውሉ ከተፈረመ በኋላም ነገሩ አይዘጋም፤ እንዲያውም ከላይ እንዳየነው ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን እንደ ተጫራች ሳይሆን እንደ ነዋሪ ነው የሚጠይቁት። በመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና መረጃ የማግኘት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ መልስ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ካልተሰጠ ቅሬታው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። «ስለ ፕሮጀክቱ መረጃ» ብለው አይጠይቁ፤ «የለም» ብለው ያልፉዎታል። በስም ይጥሩት፦ የተፈረመው ውል ዋጋና የሥራ ዝርዝር፣ የለውጥ ሥራ ትእዛዞች ከነምክንያታቸው፣ የጊዜ ማራዘሚያ ደብዳቤዎች፣ የክፍያ ሰርተፊኬቶች። ቦታው ላይ ደግሞ ሜትር ይዘው የሚሞከር ነው፤ የቦዩን ርዝመት፣ የውስጥ ስፋትና ጥልቀት፣ የግድግዳውን ውፍረት ከነፎቶ ከሥዕሉ ጋር ያስተያዩ፤ የተከፈለው የዓለት ቁፋሮ ከአካባቢው ጋር ይሄድ እንደሆነ ጎን ያለውን የተቆረጠ መሬት ይዩ። የተለየ ነገር ካገኙ ለከተማው ምክር ቤት የበጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ያስገቡ፤ ግልባጩን ለክልሉ ዋና ኦዲተር ያድርጉት። ኦዲተሮች ናሙና ሲመርጡ ልኬትና ቀን ያለው ቅሬታ የቀረበበትን ፕሮጀክት ለማለፍ ይከብዳቸዋል።